መርከበኛ፣ ማዕበልና የአርባ ቀን ዕድል

ባሕር የሌለን ሰዎች ነን፣ ከጎጃም ግን መርከበኛ ይወጣል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ላይ ባለው የማሪታይም ማሠልጠኛው የሜካኒካልና የኤሌክትሪካል ምሩቃንን እያሠለጠነ ወደ መርከብ መላክ ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። ሞጣ ወይም ዳንግላ ተወልዶ ያደገ፣ ከጣና ሌላ ትልቅ ውኃ አይቶ የማያውቅ ልጅ ዛሬ ሲንጋፖር አጠገብ ኢንጂን ሩም (የመርከቡ ሞተር ክፍል) ውስጥ ላቡን እየጠረገ ዘይት ይለካል። ቤተሰቡ ደግሞ አገር ቤት ሆኖ ስልኩ እምቢ ባለ ቁጥር ይጨነቃል። ያኔ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ቡና ይፈላል፣ አንዱ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «የአርባ ቀን ዕድሉ ከሆነ እቤቱ ቢተኛም አይቀርለት፣ ካልሆነ ባሕሩም አይነካው» ይላሉ።

አባባሉ ያጽናናል፣ አልክድም። ግን የባሕር ሥራ ላይ ሲሆን ብዙ ነገር ይሸፍናል። ከላይ የተጻፈውን የሚያውቀው የጻፈው ነው፣ እዚያ ውስጥ አልገባም። እኔ ማውራት የፈለግኩት እዚህ ታች ስላለው ነው። መርከበኛ ላይ ከሚደርሰው ነገር ምን ያህሉ እውነተኛ ዕጣ ነው? ምን ያህሉስ ሰው ወስኖት ሲያበቃ «ዕድል» የተባለ ነው? (ዓመቶቹንም፣ ወሮቹንና ቀኖቹንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ የባሕሩ መዝገብ በዚያ ስለሆነ።)

ዕጣና መርከብ አብረው የሚነሱበትን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ በየዓመቱ ሦስት ቀን እንጾምበታለን። ዮናስ ወደ ነነዌ አልሄድም ብሎ ወደ ተርሴስ በሚሄድ መርከብ ተሳፈረ፣ ማዕበል ተነሣ፣ መርከበኞቹ ዕጣ ተጣጣሉ፣ ዕጣው በዮናስ ላይ ወጣ። እዚህ ድረስ ማንም ይተርከዋል። የሚዘለለው የመርከበኞቹ ነገር ነው። ዕጣ ከመጣጣላቸው በፊት ጭነቱን ወደ ባሕር ወርውረው መርከቡን ለማቅለል ሞክረዋል። ዕጣው ከወጣ በኋላም፣ ዮናስ ራሱ ጣሉኝ እያላቸው፣ ወደ ምድር ሊመልሱት አጥብቀው ቀዝፈዋል። አልሆነላቸውም እንጂ። በዕጣ የሚያምኑ ሰዎች ናቸው፣ ግን ዕጣው መጨረሻ ላይ ነው የመጣው።

ያ ጭነት መወርወር ደግሞ በኋላ ሕግ ሆኗል። የጥንት የሮድስ ደሴት ሰዎች ደንብ ነው ይባላል፣ ሮማውያን ወረሱት፣ ዛሬም ዮርክ አንትወርፕ በሚባሉት ደንቦች ይሠራበታል። ነገሩ እንዲህ ነው። መርከቡን ለማዳን ተብሎ የአንዱ ነጋዴ ዕቃ ሆን ተብሎ ቢጣል ኪሳራውን እሱ ብቻውን አይሸከምም። ዕቃቸው የተረፈላቸው ሁሉ እንደየዕቃቸው ዋጋ ያዋጣሉ፣ የመርከቡ ባለቤትም ያዋጣል። ማዕበል ሲነሣ የማን ዕቃ እንደሚጣል አስቀድሞ የሚያውቅ ስለሌለ ዕጣውን ለሁሉም አከፋፈሉት ማለት ነው። በ1960 የወጣው የእኛው የባሕር ሕግም ይህንን ያውቀዋል።

የጥንት ወሬ አይምሰላችሁ። መጋቢት 2021 ላይ ኤቨር ጊቭን የምትባለው 400 ሜትር መርከብ ስዊዝ ቦይ ውስጥ ተሰንቅራ ስድስት ቀን መንገድ ስትዘጋ ባለቤቷ ይህንኑ ደንብ ጠርቶባታል። ከ18 ሺህ በላይ ኮንቴነር ጭናለች። ኮንቴነሩ አንድ ጭረት እንኳን ያልነካው ነጋዴ ዕቃውን ለማውጣት መጀመሪያ ዋስትና እንዲያስይዝ ተጠየቀ። ባሕር ዳር ላይ ሱቅ ከፍታችሁ ከቻይና ዕቃ የምታስመጡ ሰዎች፣ የማሪን ኢንሹራንስ ሲባል «ዕቃዬ ብረት ነው፣ ምን ይሆናል» አትበሉ። ብረቱ ምንም ባይሆንም ክፍያው ሊመጣ ይችላል።

ለነገሩ እኛ ከባሕር ዕጣ ጋር ያለን ትውውቅ ሩቅ ነው። በአራተኛው መቶ ዘመን አንድ የጢሮስ ሰው ሁለት ልጆች ይዞ በቀይ ባሕር ይጓዝ ነበር። መርከቡ ስንቅና ውኃ ፍለጋ አንድ ወደብ ጠጋ ሲል የአገሩ ሰዎች ተሳፋሪውን ሁሉ ገደሉ። ሁለቱ ልጆች ግን ዛፍ ሥር ሆነው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙ፣ ማንም ክፉ እጁን አላነሣባቸውም፣ ወደ አክሱም ንጉሥ ተወሰዱ። አንደኛው ፍሬምናጦስ ነው፣ በኋላ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የተባሉት፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው ጳጳስ። የዚያን ቀን መርከቡ ላይ ቀርተው ቢሆንስ? ምእመን እግዚአብሔር ያዘጋጀው ነው ይላል፣ የታሪክ ሰው አጋጣሚ ነው ይላል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለዚያችው ዛፍ ነው።

ወደ ዘመናችን እንምጣ፣ ግን በጣና በኩል።

የጣናን ታንኳ የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም። ደንገል ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ታስሮ ይሠራል። ደንገሉ ውስጡ አየር ስላለበት ቢገለበጥም አይሰጥምም፣ ችግሩ ውኃ እየጠጣ መክበዱ ነው፤ ስለዚህ በየጊዜው አዲስ ማሠር ግድ ነው። ሐይቁ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር ብዙም አያልፍም። ጥልቀት የሌለው ውኃ ላይ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ አጭር፣ ቀጥ ያለና የሚያናድድ ይሆናል። ከዘጌ እንጨት ጭኖ ወደ ባሕር ዳር የሚቀዝፍ ሰው ይህንን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል፤ ጠዋት ይወጣል፣ ሰማዩን ያያል፣ ነፋሱ ካላማረው ይቀመጣል። ሰው አይሰጥምም ማለቴ አይደለም፣ ይሰጥማል። ግን ልብ በሉ፣ ታንኳ ላይ ስንት እስር እንጨት እንደሚጫን የሚወስነውና ታንኳው ቢከብድ የሚሰጥመው ሰው አንድ ነው።

መርከብ ላይ ሁለቱ ይለያያሉ። ጭነቱን የሚወስነው ሰው አንድ አገር ቢሮ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ የሚሰጥመው ደግሞ ሌላ ነው። ለእኔ ጠቅላላው ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው።

በ19ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ አገር አሮጌ መርከብ እስከ አፍንጫው ጭኖ፣ ከዋጋው በላይ ኢንሹራንስ ገዝቶ ወደ ባሕር መላክ የተለመደ ነበር። መርከቡ ከደረሰ ትርፍ፣ ካልደረሰም ትርፍ። መርከበኞቹ እነዚህን መርከቦች ሬሳ ሣጥን ይሏቸው ነበር። አንዴ ፈርሞ ከዚያ መርከቡን ሲያየው ፈርቶ አልሳፈርም ያለ መርከበኛ ይታሰር ነበር፣ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ወኅኒ ገብተዋል። ሳሙኤል ፕሊምሶል የሚባል የፓርላማ አባል ይህንን ይዞ ጮኸ፣ ጮኸ፣ በመጨረሻ በ1876 ሕግ ወጣ። ሕጉ ምን አለ? መርከቡ ጎን ላይ አንድ መስመር ይቀባ፣ ውኃው ከዚያ መስመር በላይ እስኪደርስ ድረስ አይጫን። በቃ። እንዲህ ቀላል ነው። ታዲያ አስቂኙ፣ መጀመሪያ ላይ መስመሩ የት ይቀባ የሚለውን ለባለቤቱ ነበር የተዉለት። ባለቤቱም እሱን የሚስማማው ቦታ ላይ ይቀባዋል! ቦታው በደንብ በሕግ የተቆረጠው ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1890 ነው። ዛሬ ጅቡቲ ወደብ ብትሄዱ መርከቦቹ ጎን ላይ መስመር የሚያልፍበት ክብ ምልክት ታያላችሁ፣ እሱ ነው።

ከዚያ በፊት የሰጠሙት መርከበኞች ሚስቶች ምን ተብለው እንደተጽናኑ መገመት አያዳግትም።

እሺ፣ ሁሉም የሰው ጥፋት ነው ልል ነው? አይደለም። ባሕር ላይ እውነተኛ ዕጣ አለ፣ እንዲያውም በቁጥር የሚያዝ ነው። የአየር ትንበያ «የማዕበሉ ከፍታ 6 ሜትር ነው» ሲል ሁሉም ማዕበል 6 ሜትር ነው ማለት አይደለም። ከማዕበሎቹ ትልልቆቹ አንድ ሦስተኛ ተወስደው የእነሱ አማካይ ነው። ከእሱ የሚያንሱ ብዙ አሉ፣ የሚበልጡም አሉ። ባሕሩ ላይ በአንድ ጊዜ ከየአቅጣጫው የሚመጡ ብዙ ማዕበሎች ይደራረባሉ፣ አንዳንዴ ይጠፋፋሉ፣ አንዳንዴ ደግሞ አናታቸው ይገጥምና አንድ ትልቅ ይወጣል። ሒሳቡ ሲሠራ ከ3 ሺህ ማዕበል አንዱ ከተባለው ከፍታ እጥፍ ይሆናል፣ ማለትም 12 ሜትር። በየ10 ሴኮንዱ አንድ ማዕበል ይመጣል ብላችሁ ብትቆጥሩ 3 ሺህ ማዕበል ለማለፍ 8 ሰዓት ከትንሽ ይፈጃል። አንድ ሙሉ ቀን ማዕበል ውስጥ የዋለችና ያደረች መርከብ እንግዲህ ሁለት ሦስቴ ልታገኘው ትችላለች።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። እቁብ ውስጥ ዕጣ የወጣለት ሰው ስሙ ድጋሚ አይገባም፤ ስለዚህ ያልደረሰው ሰው በየሳምንቱ እየቀረበው ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ይደርሰዋል፣ ሁለቴ የሚደርሰው የለም። ማዕበል እንደ እቁብ አይደለም። ትናንት ማታ ትልቁን የቀመሰች መርከብ ስሟ ከዕጣው አይወጣም፣ ዛሬም እኩል አለችበት። ሠላሳ ዓመት ሠርቶ ምንም ያልገጠመው ካፒቴንም «ተራዬ ደርሷል» ብሎ የሚፈራበት ምክንያት የለም፣ «እኔን አይነካኝም» ብሎ የሚኮራበትም የለም። ማዕበሉ ማንንም አያስታውስም።

ትልልቅ ማዕበሎችን በተመለከተ መርከበኞች ለዘመናት ሲናገሩ የሚያምናቸው አልነበረም። ከየት መጣ ሳይባል የቆመ የውኃ ግድግዳ አየን ሲሉ፣ ፍርሃት ዓይናቸውን አተለቀው፣ ወይም ጠጥተው ነበር ይባሉ ነበር። በታኅሣሥ 1978 ሙንሽን የምትባል ትልቅ የጀርመን የጭነት መርከብ ከነ28 ሰዎቿ አትላንቲክ ላይ ጠፋች። ከተገኙት ጥቂት ነገሮች አንዱ ነፍስ አድን ጀልባ ነበር። ጀልባው የሚንጠለጠለው ከውኃው 20 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው፣ የያዙት ብረቶች ግን አንድ ከባድ ነገር ከፊት መጥቶ እንደመታቸው ተጣመው ነበር። 20 ሜትር ላይ ምን ይመታዋል? ከዚያ ጥር 1 ቀን 1995፣ ሰሜን ባሕር ላይ ድራውፕነር በተባለ የጋዝ ቧንቧ መድረክ ላይ የተተከለ የሌዘር መለኪያ 25.6 ሜትር ማዕበል መዘገበ። የዚያን ቀን የባሕሩ መደበኛ ከፍታ 12 ሜትር ገደማ ነበር። ያ መሣሪያ አይጠጣም። ከዚያ ወዲህ መርከበኞቹን የሚያላግጥባቸው የለም።

ግን ያው ማዕበል ለሁሉም መርከብ አንድ አይደለም፣ ይህንን የጎጃሙ ኢንጂነር ከማንም በላይ ያውቃል። መርከብ አፍንጫዋን ወደ ማዕበሉ ካዞረች ብዙ ነገር ትችላለች። ሞተር ሲጠፋ ግን ቀስ እያለች ጎኗን ትሰጣለች፣ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ማዕበል ያንከባልላታል። ስለዚህ ማዕበል ውስጥ ነፍስ ያለው ታች ኢንጂን ሩም ነው።

ኤል ፋሮ የምትባል የአሜሪካ መርከብ ጥቅምት 1 ቀን 2015 ባሃማስ አጠገብ ሆአኪን የተባለ አውሎ ነፋስ ውስጥ ሰጠመች፣ 33ቱም ሰዎች አለቁ። ዕድለ ቢስ መርከብ ማለት ይቻላል። መርማሪዎቹ የድምፅ መቅጃውን ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ጥልቀት አውጥተው ሲያዳምጡ ግን ታሪኩ ሌላ ሆነ። ካፒቴኑ የሚመለከተው የአየር ትንበያ ሰዓታት ያለፉበት ነበር። መኮንኖቹ መንገድ እንዲቀይር ደጋግመው ነግረውታል። አንድ ትንሽ የመውረጃ ክዳን ክፍት ስለነበር ውኃ ወደ ጭነት ክፍሉ ገባ። መርከቧ አዘነበለች። ስታዘነብል የሞተሩ ዘይት ወደ አንድ ጎን ሸሸ፣ የዘይት መሳቢያው ባዶ ሳበ፣ ሞተሩ ጠፋ። ሞተሩ ሲጠፋ ጎኗን ለአውሎ ነፋሱ ሰጠች። መርከቧ 40 ዓመት የሆናት ስለነበረች ነፍስ አድን ጀልባዎቿ ጣሪያ የሌላቸው፣ የድሮ ዓይነት ነበሩ፤ አዲስ መርከብ ቢሆን በሕግ አይፈቀድም፣ አሮጌ ስለሆነች ተፈቅዶላታል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ዕድሉ የቱ ነው? አውሎ ነፋሱ የሄደበት አቅጣጫ አዎ፣ በከፊል። የቀረው ሁሉ አንድ ቀን አንድ ሰው እሺ ያለው ነገር ነው። አሮጌውን ጀልባ ይሁን ያለ አለ። ክዳኑ ሳይዘጋ ያለፈ አለ።

ሄራልድ ኦፍ ፍሪ ኢንተርፕራይዝ የምትባለው የእንግሊዝ መኪና አሻጋሪ መርከብም እንዲሁ ናት። በመጋቢት 1987 ከቤልጂየም ወደብ የፊት በሯን ሳትዘጋ ወጥታ በደቂቃዎች ውስጥ ተገለበጠች፣ 193 ሰው ሞተ። በሩን መዝጋት የነበረበት ሰው ተኝቶ ነበር። ኃጢአቱን በእሱ ላይ ጭኖ መሄድ ቀላል ነበር። ነገር ግን ካፒቴኖች ከዚያ በፊት «በሩ መዘጋቱን የምናይበት አምፖል ይተከልልን» ብለው ቢሮውን ጠይቀው እንደተላገጠባቸው ታወቀ። አንድ አምፖል! ከእሷ በኋላ የመጣው ዓለም አቀፍ የደኅንነት ደንብ እያንዳንዱ ኩባንያ የብስ ላይ አንድ ተጠሪ እንዲኖረው ያስገድዳል፤ ይህ ሰው ከመርከቡ በቀጥታ የሚደወልለት፣ ከዋናው ሥራ አስኪያጅም ጋር በቀጥታ መገናኘት የሚችል ነው። በመርከበኞቹ ቋንቋ ዲፒኤ ይባላል። ስሙን ያዙት፣ እመለስበታለሁ።

ደንብ ይሠራል ወይ ለሚል ሰው ቁጥሩ ይኸውና። በ1990ዎቹ በዓለም ላይ በዓመት ከ200 በላይ ትልልቅ መርከቦች ይጠፉ ነበር። በ2023 የጠፉት 26 ናቸው። ባሕሩ ያው ባሕር ነው፣ ማዕበሉም አልቀነሰም፣ እንዲያውም የሚመላለሰው መርከብ ጨምሯል። የአርባ ቀን ዕድል ብቻ ቢሆን ኖሮ በ30 ዓመት ውስጥ የሰው ሁሉ ዕድል በአንዴ አይሻሻልም ነበር።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሆኖ ለምንድነው የባሕር ወሬ ስንሰማ ተአምርና ዕድል ብቻ የሚመስለን? አንደኛው ምክንያት የሚያወራልን ማን እንደሆነ ነው። ዲያጎራስ ስለተባለ የጥንት ግሪካዊ የሚነገር አንድ ወግ አለ። ሰዎች ወደ አንድ ቤተ ጣዖት ወስደው፣ ከመርከብ አደጋ ተርፈው ስለታቸውን ያስገቡ ሰዎች ያስቀመጧቸውን ሥዕሎች አሳዩትና «እየው፣ ስለት የሰማ ስንቱን አድኗል» አሉት። እሱም «ተስለው የሰጠሙትስ የታሉ? የእነሱ ሥዕል የት ተሰቀለ?» አላቸው። እኛም ጋ ስለቱ የደረሰለት ሰው ጃንጥላ ይዞ፣ እልል እያስባለ ይመጣል፣ እሰየው ነው። ያልደረሰለት ግን መጥቶ አይናገርም። ይህን ስል ስለት አታስገቡ ማለቴ አይደለም፣ ኋላ ከሽማግሌዎቹ ጋር እንዳልጣላ።

የድሮ ነጮች መርከበኞች በእግራቸው ላይ አሳማና አውራ ዶሮ ይነቀሱ ነበር፣ እንዳንሰጥም ብለው። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? እነዚህ እንስሳት መርከብ ላይ የሚቀመጡት በእንጨት ሣጥን ውስጥ ስለነበር መርከቡ ሲሰጥም ሣጥኑ ይንሳፈፋል፣ እንስሳቱ በሕይወት ይገኛሉ ይባላል። ሰው እንስሳውን አየና ዕድለኛ ነው አለ። ሣጥኑን አላየውም።

ግን አንዳንዴ ሣጥንም የሌለው፣ ጥርት ያለ ዕድል አለ፣ እሱን መካድ ደግሞ ግትርነት ነው። ናይጄሪያዊው ሃሪሰን ኦኬኔ ጃስኮን 4 በምትባል ጎታች ጀልባ ላይ ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበር። ግንቦት 2013 አንድ ቀን ሊነጋ ሲል ሽንት ቤት ገባ፣ በዚያው ቅጽበት ጀልባዋ ተገለበጠች። ጓደኞቹ የባሕር ወንበዴ ፍራቻ ባወጣው ደንብ ካቢናቸውን ቆልፈው ተኝተው ነበር። 12 ነበሩ፣ 11ዱ አለቁ። ኦኬኔ 30 ሜትር ታች፣ የተገለበጠች ጀልባ ውስጥ፣ በጨለማ አንድ ትንሽ የአየር ኪስ አግኝቶ 60 ሰዓት ያህል ቆየ። በዚያ ጥልቀት ግፊቱ ከላይ ካለው አራት እጥፍ ስለሆነ ትንሽ ቦታ ውስጥ ብዙ አየር ተጨናንቆ ይይዛል፣ አንዱ ያዳነው ይሄ ነው። ሬሳ ሊያወጡ የወረዱ ጠላቂዎች ውኃው ውስጥ እጅ አዩ፣ የሞተ ሰው እጅ ነው ብለው ሲይዙት እጁ መልሶ ያዛቸው። ቪዲዮው አለ፣ ልብ ያላችሁ እዩት። ሰውየው በኋላ ራሱ ጠላቂ ሆነ።

ሽንት ቤት መሄዱ ምንም ጥበብ የለበትም። ሌሎቹ በራቸውን መቆለፋቸውም ስህተት አልነበረም፣ እንዲያውም ትክክል ነበር። ደንብ አክብሮ መሞት፣ በአጋጣሚ ተነሥቶ መዳን፣ ይሄም አለ። ዕድል የሚለውን ቃል ለእንዲህ ዓይነቱ ብናስቀምጠው ደስ ይለኛል፤ ለአምፖሉና ለክዳኑ እያዋስነው ነው ያስቸገረን።

ዛሬ መርከበኛን አብዝቶ የሚያሰቃየው ደግሞ ማዕበልም አይደለም፣ ወረቀት ነው። በ2017 አማን የምትባል መርከብ የደኅንነት ዕቃዎቿና የምስክር ወረቀቷ ጊዜው አልፎበት ግብፅ ወደብ ላይ ታገደች። ካፒቴኑ የብስ ላይ ስለነበር አንድ ሶርያዊ መኮንን ወረቀቱ ላይ ፈረመ። በዚያ ፊርማ ምክንያት ፍርድ ቤት የመርከቡ ሕጋዊ ጠባቂ አድርጎ መዘገበው፣ መርከቡ እስኪሸጥ ወይም ተተኪ እስኪገኝ መውረድ ተከለከለ። አራት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በሚያዝያ 2021 ነው የተለቀቀው። መጨረሻ አካባቢ ብቻውን ነበር፣ መብራት እንኳን የሌለው መርከብ ላይ፣ ስልኩን ቻርጅ ለማድረግ ዋኝቶ ይወጣ ነበር። ባሕሩ ምንም አላደረገውም።

እንዲህ ዓይነቱ እየበዛ ነው። የዓለም የትራንስፖርት ሠራተኞች ፌዴሬሽን፣ አይቲኤፍ የሚባለው፣ በ2024 ብቻ ከ300 በላይ መርከቦች ከ3 ሺህ በላይ መርከበኞችን ይዘው በባለቤቶቻቸው ተጥለዋል ብሏል። ባለቤቱ አንድ አገር፣ ባንዲራው ሌላ አገር፣ ኤጀንቱ ሦስተኛ አገር ይሆንና ደመወዝ ሲቀር ማንን ትከሳለህ? በኮቪድ ጊዜም ወደቦች ሲዘጉ ወደ 400 ሺህ መርከበኛ ኮንትራቱ አልቆ መውረድ አቅቶት ነበር። ከዚያ ደግሞ ደጃችን ላይ፣ ኅዳር 2023 ጋላክሲ ሊደር የተባለችውን መርከብ ሁቲዎች ቀይ ባሕር ላይ በሄሊኮፕተር ወርደው ያዟት፣ 25ቱ ሠራተኞች ከአንድ ዓመት በላይ ተይዘው በጥር 2025 ተለቀቁ። በጦርነቱ ውስጥ ምንም የሌሉበት ሰዎች ናቸው፣ አብዛኞቹ ፊሊፒናውያን። መርከቧ የማን ናት የሚለው ነው ያስያዛቸው።

የአገራችን የመርከብ ድርጅት ከ1964 ጀምሮ አለ፣ መርከቦቹን በከተሞቻችንና በወንዞቻችን ስም ይጠራል፣ «ባሕር ዳር» የምትባልም ነበረችው። ከማሠልጠኛው የሚወጡት ልጆች ግን አብዛኞቹ የሚሠሩት በውጭ ኩባንያ መርከብ ላይ ነው። ስለዚህ ልጁ ከመፈረሙ በፊት ቤተሰብም ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ፣ የተማረ መሆን አያስፈልግም።

የመርከበኞች መብት የሚጠበቅበት ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ፣ ኤምኤልሲ ይሉታል፣ ከ2013 ጀምሮ ይሠራል። በእሱ መሠረት ሥራ አስገባሃለሁ ብሎ ከመርከበኛ ገንዘብ መቀበል ክልክል ነው፤ የሚጠይቅ ኤጀንት ከመጣ እዚያው ላይ አቁሙት። ከ2017 ወዲህ ደግሞ መርከቡ ሠራተኞቹን ጥሎ ቢጠፋ እስከ አራት ወር ደመወዝና የመመለሻ ትኬት የሚከፍል ኢንሹራንስ እንዲኖረው ግዴታ ነው፣ የምስክር ወረቀቱም መርከቡ ላይ ለሁሉም በሚታይ ቦታ ይለጠፋል። ልጁ ሲሳፈር በመጀመሪያው ቀን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ይላክላችሁ።

የመርከቧን ስም ብቻ አትያዙ፣ ስም ይቀየራል፣ ባንዲራም ይቀየራል። አይኤምኦ የሚባለው ሰባት አሃዝ ቁጥር ግን መርከቧ ተሠርታ እስክትፈርስ አንድ ነው። ይህንን ቁጥር ይዛችሁ ማሪን ትራፊክ ላይ ብትፈልጉ የት እንዳለች ካርታ ላይ ታያላችሁ፣ በነፃ። አንድ ነገር ግን ቀድማችሁ እወቁ። ነፃው ካርታ ምልክት የሚቀበለው የብስ ላይ ካሉ አንቴናዎች ነው፣ መርከቧ ከባሕር ዳርቻ ስትርቅ ነጥቧ ይቆማል ወይም ይጠፋል። ከባብ ኤል መንደብ አካባቢ ደግሞ ካፒቴኖች ለጥንቃቄ ራሳቸው ምልክቱን የሚያጠፉበት ጊዜ አለ። ነጥብ ጠፋ ማለት መርከብ ሰጠመ ማለት አይደለም፣ ለቅሶ አትጀምሩ።

በእውነት የሚያሳስብ ነገር ሲኖር የሚደወለው ቅድም ላልኳችሁ ተጠሪ፣ ለዲፒኤው ነው። ስሙና ስልኩ መርከቡ ላይ ተለጥፎ ይገኛል፤ ከኢንሹራንሱ ወረቀት ጋር አብሮ ፎቶ ይነሣ። ኤጀንቱ «እኛ እንነግራችኋለን» ቢል እሺ በሉት፣ ቁጥሩን ግን ያዙ።